አስጨብጫቢው

ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ሲገባ ተነሥቼለታለሁ፤ ሲወጣ ቦርሳውን አቀብዬዋለሁ፤ የማያስቅ ቀልዱንም ስቄለታለሁ። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ከዚህ በላይ ክብር ካስፈለገው ራሱ ይጻፍ።

መሥሪያ ቤታችን ትልልቅ የመንገድና የባቡር ሥራዎችን ያስገነባል። የእሱ ክፍል «የማኅበረሰብ ተቀባይነት ክፍል» ይባላል። መሐንዲሶቹ መስመሩን ወረቀት ላይ ያሰምራሉ፤ መስመሩ የሚያልፍበት ሰፈር ሰው ደግሞ ተሰብስቦ፣ ሰምቶ፣ ጠይቆ «ተቀብለነዋል» ማለት አለበት። ያንን «ተቀብለነዋል» ይዞ መምጣት የእሱ ሥራ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አፉ የማያርፈው ሾፌራችን «አስጨብጫቢው» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ከጥበቃው ተነሥቶ እስከ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ድረስ ተዛመተ። እሱ ራሱ ሰምቶታል። ደስ ሳይለው አልቀረም።

አባቱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የፌርማታ ስም ሲጠሩ ይውሉና ቤት ሲገቡ ድምፃቸው ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነበር አሉ የሚያወሩት። ልጃቸው ድምፁን ከእሳቸው ወረሰ፤ የእሱ ግን አይዘጋም። መጀመሪያ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነ። ካስተማራቸው ሰዎች ሁለቱን አግኝቼ አውቃለሁ፤ ሁለቱም የሚያስታውሱት አንድ ነገር ነው። «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በሙሉ «አዎ!» ይላል። ሰሌዳውን ያጠፋል። ያልገባው ልጅ እጁን ካወጣ «ጓደኞችህ ገብቷቸዋል እኮ» ይለዋል። ይኸው ነው ትምህርቱ። በዚህ ችሎታው ነው መሥሪያ ቤታችን የወሰደው።

ቤቱም ውስጥ ያው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእኔንም ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች ጉዱን ሁሉ ነግራኛለች። አንድ እሁድ እሷንና ሁለቱን ሴት ልጆቹን ሳሎን ሰበሰባቸው። የስፌት ክፍሏ የእሱ ማንበቢያ ክፍል ቢሆን ምን እንደሚመስላቸው ሐሳባቸውን ሊሰማ ነው። ታላቋ ልጅ «እማዬ የት ትስፋ ታዲያ?» ስትል «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አላት። በዚህ መሀል ከኮሪደሩ የመዶሻ ድምፅ መጣ። ሚስቱ ብድግ ብላ ስታይ አናጢው የስፌት ክፍሏን በር ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። «እኔ'ኮ» አለችኝ መርፌውን ከአፏ አውጥታ፣ «ክፍሌን በመውሰዱ አይደለም የተቃጠልኩት። ሐሳባችሁን ልስማ ብሎ ሻይ አስፈልቶኛል!»

ሌባ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይገባኝ ነበር። ከማንም አንዲት ብር አልወሰደም። ከበላዮቹ «ጎበዝ» እንዲባልና ሰው እንዳይናገረው ብቻ ነበር የሚፈልገው። ለእሱ ሰው ሲናገር ማለት ዝናብ ሲዘንብ ማለት ነው፤ ጥላ ይዘረጋል፣ እስኪያባራ ይጠብቃል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

ዘዴው ለሰሚ ያሳፍራል። በር ላይ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ የገባ ሁሉ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። «ለመገኘታችሁ ነው» እንላለን። የወረቀቱ ራስጌ ባዶ ነው። ቢሮ ስንመለስ ራስጌው ላይ «ፕሮጀክቱን መቀበላቸውን በፊርማቸው ያረጋገጡ ነዋሪዎች» የሚል ይታተምበታል። ፎቶ አንሺው ደግሞ የሚያነሣው ሰው ለጥያቄ እጁን ሲያወጣ ነው። አርባ ሰው ተናዶ እጁን ያወጣል፤ ሪፖርቱ ላይ ከፎቶው ሥር «ነዋሪዎች እጅ በማውጣት ድጋፋቸውን ሲገልጹ» ተብሎ ይወጣል። ከሁሉ ይበልጥ የተቆጣውን ሰው ይመርጥና መድረኩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የፕላስቲክ ወንበርና የታሸገ ውሃ ይሰጠዋል። ሰውየው ከተቀመጠ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ «ሥርዓት ይከበር እንጂ!» ማለት ይጀምራል። ይህን ስንት ሰፈር እንዳየሁት ብነግራችሁ በሰው ላይ ያላችሁ እምነት ይቀንሳል። የእኔማ ካለቀ ቆየ።

ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ይዘነዋል። እህቴ፣ መዝግቢው።» እኔ እስክሪብቶዬን አንቀሳቅሳለሁ። እየጻፍኩ ግን አይደለም፤ ክብ እሥላለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ወር የሰዉን ጥያቄ አንድ በአንድ ጽፌ ስወስድለት «ይሄን ሁሉ ማን ሊያነበው ነው? አንቺ እጅሽን አንቀሳቅሺ፤ እሱ ይበቃል» አለኝ። ተማርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ክብ ሣልኩ። ስለዚህ እሱን ስንቀው ራሴን የምዘል እንዳይመስላችሁ።

በዚህ መሀል የባቡሩ ሥራ መጣ። መስመሩ አንድ ሰፊ ሰፈር መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ባቡሩ የሚሄደው በመሬት ላይ ስለሆነ ግራና ቀኙ በሽቦ አጥር ይዘጋል። ጤና ጣቢያውና ገበያው ከአጥሩ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱና አብዛኛው መኖሪያ ቤት ከአጥሩ ወዲያ ሊቀሩ ነው። በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ የነበረው፣ በታችኛው ድልድይ ዞሮ አርባ ደቂቃ ሊፈጅ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው ሰው አጠገቡ ያለውን እንኳ አይሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን ስብሰባውን ለሌላ ቀን ያስተላልፋል። የእሱ ፊት ግን በራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዛሬስ ሰማዩም ከእኛ ጋር ነው» አለኝ።

ከፊት ረድፍ አንዲት አጭር አሮጊት ተነሡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ከሰፈሩ ሰው ግማሹ በእሳቸው እጅ ስለተወለደ ሁሉም «እማማ አዋላጇ» ይላቸዋል። የመነጽራቸው እጀታ ተሰብሮ በጥቁር ላስቲክ ነው ከራሳቸው ጋር የታሰረው። ዝናቡን በልጠው ለመሰማት እየጮኹ «ምጥ የያዛት ሴት በየት በኩል ነው ተሻግራ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው?» አሉ። ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር፤ ጥርት አድርጌ ሰማሁ። እሱም ሰማ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ «እናመሰግናለን እማማ!» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ክቤን ሣልኩ።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን ሲያስጽፈኝ «መሻገሪያን በተመለከተ ከነዋሪዎች የቀረበ ጥያቄ የለም» አለኝ።

ቀና አልኩ። «አዋላጇ ጠይቀዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«በዚያ ዝናብ ማን ሰማቸው? ያልተሰማ ጥያቄ እንዳልተጠየቀ ነው የሚቆጠረው። ጻፊ።»

ጻፍኩ።

ስምንት ወር አለፈ። የአጥሩ ብረቶች እየተተከሉ ሳለ የሥራው ተቆጣጣሪዎች አንድ ነገር አመጡ፤ ሁለተኛ ስብሰባ ካልተደረገ፣ ነዋሪው የመረጣቸው ሦስት ተወካዮችም ቃለ ጉባኤው ላይ ካልፈረሙ ሽቦው አይወጠርም። እሱ ተበሳጨ። ስብሰባው በተደረገ ማግስት ጠዋት ለበላዮቹ ሪፖርት ማቅረብ ነበረበትና ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት አስጻፈኝ። አዎ፣ ከስብሰባው በፊት። ማን ምን እንደሚናገር፣ ስንት ጥያቄ እንደሚነሣ፣ ጭብጨባው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሁሉ በአዲሱ ማንበቢያ ክፍሉ እየተንጎራደደ አስቦበት መጥቷል። ታይፕ አድርጌ፣ አትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ አስቀመጥኩለት።

በዚያን ቀን ዝናብ አልነበረም። እሱ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ግድግዳው ላይ በሰቀልነው የመስመሩ ካርታ ላይ የጠቋሚውን ቀይ መብራት እያሯሯጠ ብቻውን ተናገረ። ከዚያ ሰዉ ተወካዮቹን መረጠ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ተመረጡ። ጸጉር አስተካካዩ ተመረጠ፤ ገና ሲገባ ሲጮህ የነበረ ሰው ነው፣ ወንበርና ውሃ ከተሰጠው ወዲህ ግን እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቷል። ሦስተኛዋ ማን ትሁን ሲባል አዳራሹ ባንድ ድምፅ «እማማ አዋላጇ!» አለ።

ርእሰ መምህሩ ፈረሙ። ጸጉር አስተካካዩ ፈረመ። አዋላጇ እስክሪብቶውን ተቀበሉና ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ከመፈረሜ በፊት አንብቢልኝ» አሉኝ።

እሱ ቀደመኝ። «ረጅም ነው፣ እማማ። ይደክሙብኛል። የተባለውን ነው የያዘው።»

«የተባለውን ከያዘማ መስማቱ ምን ያደክመኛል? መነጽሬ ለሩቅ እንጂ ለቅርብ አይሆነኝም። አንብቢ፣ ልጄ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «አንብቢልኝ» ያለኝ ሰው አልነበረም። እሱ በቅንድቡ «ዝለይው» አለኝ። መዝለል እችል ነበር፤ እያነበብኩ መስዬ ከራሴ መፍጠርም እችል ነበር። ለምን እንዳልዘለልኩት ዛሬም አላውቅም። ጀግንነት እንዳትሉት። አንዲት አዋላጅ አፍጥጠው ሲያዩኝ ፈራሁ፤ ከእሱ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

«ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጠናቋል» ብዬ አነበብኩ።

የአዳራሹ ሰዓት አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል። ከኋላ አንድ ሰው «ተጠናቋል? እኛ ታዲያ ምን እንሠራለን እዚህ?» አለ።

«ነዋሪዎች አርባ ሁለት ጥያቄዎችን አንሥተው ለሁሉም አጥጋቢ መልስ አግኝተዋል።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም ሰው ጥያቄ እንዲጠይቅ ዕድል አልተሰጠውም። ጉርምርምታ ተነሣ።

«የጸጉር አስተካካዮች ተወካይ እንባ እየተናነቃቸው፣ ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደኖሩ ገልጸዋል።»

ጸጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ዘለለ። «እኔ? መቼ ነው ያለቀስኩት?»

«አልቅሰሃል ተባልክ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» አለው አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ማንበቤን አላቆምኩም። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆሙ ነበር የከበደኝ። «በመጨረሻም ተሰብሳቢው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለሦስት ደቂቃ አጨብጭቧል» ስል ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

አዋላጇ አልሳቁም። «እኔስ? እኔ ምን ብያለሁ?»

ገጹን ገለጥኩ። «የሰፈሩ አዋላጅ፣ ሥራችሁን ይባርክላችሁ በማለት መርቀዋል።»

«መርቄአለሁ?»

«ነው የሚለው፣ እማማ።»

«እሺ።» ወደ እሱ ዞሩ። «እኔ የማስታውሰው ምርቃት አይደለም። ባለፈው በዝናቡ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት በየት ትሻገራለች ብዬሃለሁ።»

እሳቸው «አንተ» ሲሉት ደረቱን ነፋ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ሲጀምር አዳራሹ እንደ ተማሪ ባንድ ላይ «ይዘነዋል!» አለለት።

መጨረሻው ረድፍ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ያን ጊዜ ተነሣ። የመስመሩ መሐንዲስ ነው፤ ቁጥብ፣ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ሰው። «መሻገሪያ ነበረ» አለ። «ከሐዲዱ ሥር የሚያልፍ፣ የበሽተኛ አልጋ የሚያስገባ፣ ስፋቱ አራት ሜትር። ንድፉ ላይ እኔው ነኝ የሣልኩት። በኋላ ነዋሪው አልጠየቀም ተብሎ ወጣ።» ከአቃፊው አንድ ወረቀት አወጣ። «ይኸው፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ።»

ወረቀቱን ከሩቅ አወቅሁት። ግርጌው ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው።

እሱ ፊቱ ልውጥ ብሎ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ይሄ የጸሐፊዋ ስሕተት ነው። በዝናቡ ምክንያት ሳትሰማ ቀርታ ይሆናል። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን። ቢሮ እንደተመለስን እናጣራለን።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እሱ'ኮ እየዋሸ መሆኑን እንኳ አያውቅም፤ አፉ ሲከፈት የሚወጣው ያው ነው።

አዋላጇ «አልሰማሽኝም ነበር?» አሉኝ።

«ሰምቼዎታለሁ» አልኩ። «ሁለታችንም ሰምተንዎታል። አልተጠየቀም ብለሽ ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «እሱን በኋላ። ባዶ ወረቀት አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይና አሁን ጻፊ። የምር ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሰዉ እየተነሣ ተናገረ፤ የተናገረውን መልሼ አነበብኩለት፤ ያልተስማማበትን አስተካከልኩ። እጄ ዛለ። አንዷ አትክልት ሻጭ ጋሪዋ የሚያልፍበት ስፋት ይኑረው አለች። ርእሰ መምህሩ መብራት እንዳይረሳ አሉ። ዓይነ ስውሩ የስልክ ጠጋኝ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ጠየቀ። ከዚያ አንድ ጫማ ሰፊ ተነሥቶ «እኔ'ኮ ሥራ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ነው የምቀይረው። ባቡሩን ማን ጠላ? ነገ ይምጣ! እናቴ ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀዳዳ ብቻ ተዉልን» አለ፤ «እውነት ነው» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ባቡሩን የተቃወመ አንድም ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ የራስጌ ማሳተም፣ ያ ሁሉ የእጅ ፎቶ፣ ሰው ቢጠየቅ በገዛ እጁ የሚሰጠውን ለመስረቅ ነበር። እስክሪብቶው በእጄ እያለ ነው ይህ የገባኝ፤ አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

እሱ እስከዚያ ድረስ ከጸጉር አስተካካዩ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ሰዉ ጋብ ሲል ስብሰባው በእሱ እጅ እንዲዘጋ ብሎ ነው መሰለኝ ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ማንም አልተከተለውም። አራተኛውን መሀል ላይ ተወው፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ኪሱ ከተታቸው።

ሌሎቹ ሁለት ተወካዮች አዲሱ ወረቀት ላይ እንደገና ፈረሙ። አዋላጇ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብበውኝ ፈረሙ። ከፊርማቸው ጎን በትልልቅ ፊደል «ሰምቼ ፈረምኩ» ብለው ጨመሩበት።

እንግዲህ ተባረረ፣ ተዋረደ የሚል ወሬ የምትጠብቁ ካላችሁ እኔም ጠብቄ ነበር። ለበላዮቹ ያቀረበው ሪፖርት «ነዋሪዎች በነቃ ሁኔታ የተሳተፉበት» ይላል። ምስጋና አገኘበት። እኔ በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፤ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ አቧራው ያስነጥሳል፤ ግን ክብ አልሥልም። መሐንዲሱ ንድፉን መልሶ አስገባ፤ ቃለ ጉባኤው ተቆጣጣሪዎቹ እጅ ስለገባ ከእንግዲህ ማውጣት የሚችል አልነበረም። ከዓመት ከስድስት ወር በኋላ መሻገሪያው ከነመብራቱና ከነመደገፊያ ብረቱ አለቀ።

በምርቃቱ ቀን ሄጄ ነበር። መድረኩ ላይ የወጣው ማን ይመስላችኋል? «ይህን መሻገሪያ ለማስገኘት ስንት በር እንዳንኳኳሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው» አለ። ለአዲሷ ቃለ ጉባኤ ያዥ ራሱን ነቀነቀላት፤ እጇ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሁን ደግሞ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እየጠሩት ሥልጠና ይሰጣል። ትንሽ መጽሐፍም አሳትሟል፤ የማዳመጥ ጥበብን የሚያስተምር ነው። አንድ ቅጂ ለመዝገብ ቤታችን ልኮልን ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

በዚያ የምርቃት ቀን ንግግሩን ሲጨርስ፣ ሾፌራችን መኪናውን ከሐዲዱ ማዶ አቁሞት ስለነበር በእግሩ መሻገር ግድ ሆነበት። ከኋላው ራመድ እያልኩ ተከተልኩት። ወደ ውስጥ ወረደ። አዲስ የሲሚንቶ ሽታ አለው፤ ድምፅ ያስተጋባል። መሀል ላይ ሲደርስ ከጤና ጣቢያው በኩል አራት ሴቶች መጡ፤ አንዷ አራስ ናት፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘዋታል፤ ሕፃኑን ያቀፉት አዋላጇ ከፊት ከፊት ይመራሉ። እሱ ኮቱን አስተካክሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሰላምታ ሊቀበል ቆመ። «እለፍ፣ እለፍ፣ መንገድ ልቀቅ» አሉት አዋላጇ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት። ግድግዳው ላይ ተለጠፈላቸው። አለፉ። እሱ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ከኮቱ ጀርባ ላይ የኖራውን ብናኝ እያራገፈ ወደ መኪናው ሄደ።